የበሩ ፉጨት

ሐምሌ መገባደጃ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፤ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት የሆናት ትርንጎ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ከአማቷ ከወይዘሮ የሺመቤት ፊት ቆማለች።

ትርንጎ፦ መታወቂያዬን ይስጡኝ፣ እማማ።

የሺመቤት፦ እኔ ምን አውቄ? ጉያዬን ፈትሺ እንግዲህ!

ትርንጎ፦ አልፈትሽም። በገዛ እጅዎ ይሰጡኛል። ነገ ሊነጋጋ ሲል መነሃሪያ መድረስ አለብኝ፤ ያለ መታወቂያ ኬላ አላልፍም።

የሺመቤት፦ ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ምራትም አማቷን አታምንም።

ትርንጎ፦ ሰኞ ቦት ጫማዬ ጠፋ። ማክሰኞ ጣሪያው ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ሻንጣዬ ላይ አፈሰሰ፤ ለአራሷ እህቴ የያዝኩት በሶ ጭቃ ሆነ። ረቡዕ ትኩሳት ጣለኝ። ሐሙስ መንገዱ በናዳ ተዘግቶ አውቶቡሱ ቀረ። ዛሬ ደግሞ መታወቂያ! ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሻንጣ መዝጋት አቃተኝ።

የሺመቤት፦ ታዲያ አይገባሽም? አትሂጂ የሚልሽ አለ።

ትርንጎ፦ ማን?

የሺመቤት፦ በዚህ ዝናብ ስሙን አታስጠሪኝ።

ትርንጎ፦ ደምሴ ነው የሚሉኝ? ልጅዎ አፈር ከለበሰ ሦስት ዓመቱ ነው። የሴት ቦት ምን ያደርግለታል?

የሺመቤት፦ ሳቂ። ትናንት ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሩ ላይ የተፏጨውን አልሰማሽም?

ትርንጎ፦ ነፋስ ነው።

የሺመቤት፦ ነፋስ እንደ እሱ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም አድርጎ ያፏጫል?

ትርንጎ፦ አያስፈራሩኝ።

የሺመቤት፦ ፊትሽ ሰምቻለሁ ይላል።

ትርንጎ፦ ሰምቻለሁ! ስለሰማሁም ነው የምሄደው። ሐምሌ በገባ ቁጥር ልብስ ሳጥብ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ወጥ ስቀምስ “ጨው አነሰው” የሚለኝ ይመስለኛል። ሁለት ሳምንት እንኳ እህቴ ዘንድ ልተንፍስ።

የሺመቤት፦ ለሁለት ሳምንት የምትሄድ ሴት የክረምቱንም የበጋውንም ልብስ አትይዝም። ሻንጣሽን አይቼዋለሁ።

ትርንጎ፦ ሻንጣውን የበረበረ እጅ ቦቱንም ወስዶታል ማለት ነው።

የሺመቤት፦ ቦቱን፣ አዎ። መታወቂያውንም። እንቺ፣ ይኸው። ጣሪያውንና ናዳውን ግን ፈጣሪን ጠይቂው።

ትርንጎ፦ ለምን፣ እማማ? ጧሪ እንዳያጡ? ለጎረቤቶቹ ሁሉ ነግሬአለሁ እኮ፤ ጠዋት ማታ ብቅ እያሉ ያዩዎታል።

የሺመቤት፦ ጎረቤት ፉጨቱን አይሰማም። ከእሱ ጋር ብቻዬን አትተዪኝ፣ ልጄ።

ትርንጎ፦ የወለዱትን ልጅ ይፈሩታል?

የሺመቤት፦ ያን ዕለት አንቺ እናትሽ ዘንድ ነበርሽ። “ሄጄ ላምጣት” ሲለኝ ተጣላን። “ከእኔ ሚስትህን ካስበለጥክ ውጣልኝ” አልኩት። ወጣ። ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ሲለው ተመለሰ።

ትርንጎ፦ ተመለሰ? ማን ነው ተመለሰ ያለው? ከቤት እንደወጣ ቀረ ነው የተባልኩት።

የሺመቤት፦ ተመልሷል። እዚህ በር ድረስ። ዝናቡ ልክ እንደ ዛሬው ነበር። አፏጨ። መወርወሪያውን ከውስጥ ዘግቼው ነበር። እልኼ አልበረደም፤ ትንሽ ይምታው፣ ትንሽ ይለምነኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ደግሞ አፏጨ። ሦስተኛ ሲያፏጭ እከፍታለሁ ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ለካ ወደ ወንዙ ተመልሶ ኖሯል።

ትርንጎ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ! ዕድርተኛው “ሚስቱን ላምጣ ብሎ በውሃ ተበላ” እያለ በጎሪጥ ሲያየኝ፣ ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ከአጠገቤ ሲሸሹ፣ እርስዎ ጎኔ ተቀምጠው ነበር።

የሺመቤት፦ ነበርኩ።

ትርንጎ፦ እጄን ይዘው “ቻይው” ይሉኝ ነበር።

የሺመቤት፦ እል ነበር።

ትርንጎ፦ እኔም አመንኩ እኮ! ያን ሳምንት እናቴ ዘንድ ባልሄድ ኖሮ እያልኩ ራሴን በላሁት።

የሺመቤት፦ በነገው አውቶቡስ ሂጂ። ቦቱ ከእህል ጎታው ጀርባ ነው። እርግማኔ አይከተልሽም።

ትርንጎ፦ እሄዳለሁ። ዛሬ ግን የዕድሩ ስብሰባ ነው። አሁን የነገሩኝን እዚያ ቆመው ይነግሯቸዋል።

የሺመቤት፦ በስተርጅናዬ? ከዚያ በኋላ ማን ይቀብረኛል?

ትርንጎ፦ ለመቅበሩ እኔ አለሁ።

የሺመቤት፦ በቁሜ በሐሜት ይገድሉኛል።

ትርንጎ፦ ሐሜት አይገድልም፤ ሦስት ዓመት ተሸክሜው ይኸው ቆሜያለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እማማ።

የሺመቤት፦ ዝናቡ እንኳ ያባራ።

ትርንጎ፦ እሺ። ቁጭ ብዬ እጠብቅዎታለሁ።

የሺመቤት፦ ተዪው፣ አትቀመጪ። ጋቢዬን አቀብዪኝና በዚሁ እንሂድ፤ ዝናቡ ካባራ ልቤ ወደ ኋላ ይመለሳል።