ልብስ ሰፊውና የፍሬን ሸራው

የሞተር ዘይት ለማስቀየር ጋራዥ በሄድኩበት ጠዋት፣ የመጀመሪያ ሙሉ ልብሴን የሰፉልኝን ሽማግሌ እዚያው አገኘኋቸው። ትንሿ መኪናቸው በክሪክ ተነስታ አንድ ጎማዋ ወልቋል። እሳቸው መለኪያ ሜትራቸውን እንደ ልማዳቸው አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከመካኒኳ ጋር ይሟገታሉ። መካኒኳ ከቴክኒክ ኮሌጅ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው።

«መምህር፣ እንኳን እግዜር አመጣህ!» አሉኝ። «ና ፍረደን። ይህቺ ልጅ ኪሴን ልታራግፈው ነው።»

«ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

«ፍሬኑ ይጮሃል ብዬ መጣሁ። እሷ የፊቱ ሸራ ከነዲስኩ ካልተቀየረ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ዋጋው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? የሰባት ሙሉ ልብስ የእጅ ዋጋ! ሰባት!»

ልጅቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ፈገግ አለች። «አባባ፣ አምና ጩኸቱ ሲጀምር መጥተው ቢሆን ሸራው ብቻ ይበቃ ነበር፤ የሁለት ልብስ ዋጋ። አሁን ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን በልቶታል።»

«እሺ፣ ያለቀው የውስጠኛው ሸራ ነው አይደል? የውጪው ደህና ነው። እንግዲያው አገላብጠሽ ግጠሚልኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ያለቀ ኮሌታ እየገለበጥኩ ነው የኖርኩት፤ አንድም ደንበኛ አላማረረብኝም።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር እኔም እሳቸው የገለበጡትን ኮሌታ ለብሼ ዓመታት አስተምሬያለሁ።

«የኮሌታ ጀርባው ጨርቅ ነው አባባ፤ የዚህ ጀርባ ግን ብረት ነው» አለች፣ ያለቀውን ሸራ መዳፋቸው ላይ አስቀምጣ። «አዲሱ አሥር ሚሊ ውፍረት አለው። ይሄንን እስቲ ይለኩት።»

ሜትራቸውን አወረዱ። ለኩ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው ለኩ። አንድ ሚሊ እንኳ አልሞላም፤ ጠርዙ ላይማ ጭራሽ ባዶ ብረት ነበር።

«እና ያንን ሁሉ ብረት፣ እኔን ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ፣ የምታቆመው ይህቺ ናት?» ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እሷ ናት።»

እኔም ሃያ ዓመት ስነዳ ፔዳል ከመርገጥ በቀር ከሥሩ ምን እንዳለ አስቤ አላውቅም። አንድ ቶን የሚሆን መኪና ከጣት በማይወፍር ሸራ ተይዞ እንደሚቆም ሳይ ተደነቅኩ፤ ፈራሁም።

ሽማግሌው ግን ቶሎ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «ቢሆንም ለመጪው ወር ይቆይ። ቀትር ላይ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት አለብኝ፤ እናቷ ሥራ ላይ ናት። ጎማውን መልሺልኝ፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

«እመልስልዎታለሁ፤ ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ያለቀውን ሸራ ቦታው መልሳ፣ ጎማውን አስራ መኪናዋን ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ሰፊ ግቢ አወጣችና አስፋልቱ ላይ በጠመኔ አሰመረች። በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር እየነዳች መጥታ መስመሩ ላይ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። መኪናዋ እየጮኸች፣ ወደ ግራ እየጎተተች፣ ርቃ ሄዳ ቆመች። የቆመችበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገች። ቀጥሎ ያንኑ ዓይነት፣ ሸራዋ በቅርቡ የተቀየረላትን የጋራዡን መኪና በዚያው ፍጥነት አምጥታ እዚያው መስመር ላይ ፍሬን ያዘች። ያቺኛዋ ያለ ድምፅ ቀጥ አለች።

«በሁለቱ መካከል ያለውን ይለኩልኝ አባባ።»

ተንበረከኩ። አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝመውን መለኪያቸውን ሁለት ጊዜ ሙሉውን ዘረጉት፤ ሦስተኛውን እስከ መቶ አሥር ሳንቲ ሜትር። «አራት ሜትር ከአሥር» አሉ። «ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ይወጣዋል።»

 ከተንበረከኩበት ሳይነሱ ባዶውን አስፋልት አዩ።

«የልጅ ልጄ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት ነው» አሉ። «ዩኒፎርሟን የሰፋሁት እኔ ነኝ። መኪናዬን ስታይ ሮጣ ነው የምትመጣው።»

«እርስዎ ቀስ ብለው ቢነዱም እሷ ቀስ ብላ አትሮጥም» አለች መካኒኳ በለሆሳስ።

«ቀይሪው ልጄ። ሸራውንም ዲስኩንም። ስለ እጅሽ ዋጋ አልከራከርሽም፤ እኔም በእጄ ዋጋ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት።»

እየሠራች አስረዳችን። ሸራ በየስድስት ወሩ ከታየና ሳስቶ ሳያልቅ ከተቀየረ ዲስኩ ዓመታት ይቆያል፤ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ሸራ እኩል ከታደሰ መኪና ወደ ጎን አትጎትትም፤ ጎማም አለጊዜው አይበላም። እኛ ግን የቆጠብን እየመሰለን፣ የአንድ ዓመት ጩኸት ችላ ብለን የአምስት ልብስ ዋጋ ጨምረን እንከፍላለን። ገንዘቡስ ይሁን፤ ያቺን አራት ሜትር ማን መልሶ ይገዛታል? አፍሬ «የእኔንም ፍሬን እይልኝ» አልኳትና ቁልፌን ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ የማስተምረው የልጅ ልጃቸው በምትማርበት ትምህርት ቤት ስለሆነ ሽማግሌው ይዘውኝ ሄዱ።

ቁልቁለቱን በዝግታ ወረድን። የትምህርት ቤቱ በር ተከፍቶ ልጆች ሲጎርፉ፣ የልጅ ልጃቸው ከመሃላቸው ተነጥላ ግራ ቀኝ ሳታይ ወደ እኛ በረረች። ሽማግሌው ፔዳሉን ረገጡ። መኪናዋ ከልጅቷ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ያለ ድምፅ ቆመች። ልጅቷ መጥታ ሁለት እጆቿን ቦኔቱ ላይ አሳርፋ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ አዩዋት።

«መምህር» አሉኝ፣ «አንተ ውረድና አምጣልኝ። እኔ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»