ሰዓዳ ያልፈረመችበት ንድፍ

ሴንትራል ፓርክ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ይዘገያል ተባለ። ሰዓዳ ሙኒብ መቀመጫ ፍለጋ ዞር ስትል ያን ቀን ልታገኘው ከማትፈልገው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ነበሩ። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ ዛሬ ኦሮራ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ሕሙማንን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልሱ ሹፌሮች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ሰዓዳ ደግሞ የሕሙማኑን ቪዲዮ ከመኪናው በሩቅ ወደምትከታተላቸው ነርስ የሚልከውን ሬዲዮ የምትነድፍ ወጣት መሐንዲስ ነች። ሽማግሌው ንድፉ እንዲቀየር ጠይቀው ነበር፤ እሷም ትናንት “በዚህ ላይ አልፈርምም” ብላ ጽፋላቸዋለች።

“ነይ ተቀመጪ ልጄ” አሉ ጠጋ እያሉላት። “ባንስማማም ቆመሽ አትቀሪም።”

“አመሰግናለሁ ጋሼ።”

“እስቲ አስረጂኝ። ከምንልከው ስምንት ምልክት አንዱ ፓይለት ነው ትያለሽ። ፓይለት ማለት ተቀባዩ አስቀድሞ የሚያውቀው ምልክት ነው። የሚያውቀውን መልሶ መላክ ብክነት አይደለም? ግማሹን ቀንሽና በቦታው ምስል ላኪበት። ነርሷም ጥርት ያለ ፊት ትይ።”

“የሚጠቅመው ስለሚታወቅ ነው ጋሼ። ሬዲዮው ምስሉን በብዙ ቀጫጭን ሞገዶች ከፋፍሎ ጎን ለጎን ይልካል። ሞገዱ ከሕንፃው፣ ከድልድዩ፣ ከጭነት መኪናው እየነጠረ በየአቅጣጫው ይደርሳል። አንዱ ይጎላል፣ ጎረቤቱ ይደክማል። ተቀባዩ ሞገዱ የመጣበት መንገድ ምን እንዳደረገበት የሚያውቀው የደረሰውን ፓይለት ከሚያውቀው ጋር ሲያስተያይ ብቻ ነው። በሁለት ፓይለቶች መካከል ያለውን በግምት ይሞላዋል። ካራራቅናቸው ግምቱ ይስታል።”

“እኔ ሬዲዮ ስፈታ አንቺ አልተወለድሽም።”

“እውነት ነው። ሞገዱ ግን ዕድሜ አይጠይቅም።”

አለቃዋ “ደንበኛው ያለውን አድርጊ” ብሏታል፤ እምቢታዋ ሥራዋን ሊያሳጣት ይችላል። ባደገችበት ቤትም ለታላቅ ሰው እምቢ አይባልም። ሆኖም ማክበርና እሺ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ዕለት ለራሷ ወስና ነበር የወጣችው።

“ካላመኑኝ ቴስት እናድርግ” አለች። “የእርስዎንም የእኔንም። ሕመምተኛ ሳንጭን።”

“እኔ ትክክል ከሆንኩስ?”

“እፈርማለሁ።”

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ በማኅበሩ ቢሮ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። መንሱር መኪናውን ይነዳል፤ ነርሷ አበዛሽ በሕመምተኛ ቦታ ከኋላ ካሜራው ፊት ተቀምጣ ጣቶቿን ታሳያለች። መጀመሪያ ፓይለቱ በግማሽ የተቀነሰበት የአቶ ሀብተጊዮርጊስ ንድፍ ተጫነ። መኪናው ቢሮው በር ላይ ፓርክ እንዳደረገ ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ።

“አየሽ?” አሉ ሽማግሌው። ሰዓዳ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ የቆመ መኪና ላይ እሳቸው ትክክል ነበሩና።

መንሱር ወደ ሀይዌዩ ወጣ። ፍጥነቱ ሲጨምር ምስሉ አንዴ ተቆራረጠና ተረጋጋ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ስልኩን አንስተው “ሦስት ጣት አያለሁ” አሉ።

“ጋሼ” አለች አበዛሽ በስልኩ፣ “እጄን ካወረድኩ ቆየሁ።”

አዲስ ምስል መድረሱ ቆሞ፣ ስክሪኑ ላይ አበዛሽ አሁንም ሦስት ጣቷን አንስታ ፈገግ እንዳለች ነበረች። ሽማግሌው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ያንን የቆመ ፊት ትኩር ብለው አዩት።

ከዚያ የእሷ ንድፍ ተጫነ። ያው መኪና፣ ያው መንገድ። ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነበር፤ ግን አበዛሽ አምስት ስታሳይ አምስት፣ ሁለት ስታሳይ ሁለት ይታያል።

“ተሳስቼ ነበር” አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ቀጥለው ግን ጣታቸውን አነሱ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መኪናው ሲቆም የሞገዱ መንገድ አይለዋወጥም። ታዲያ ለሀይዌዩ ያዘጋጀሽውን ያህል ፓይለት በር ላይ ለቆመ መኪና ለምን ትልኪያለሽ?”

ሰዓዳ ግትርነቷ የራሷን ንድፍ እንዳትጠይቅ ጋርዷት እንደነበር ገባት። “ይሄን አላሰብኩትም” አለች በሐቅ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አብረው አስተካከሉት። መኪናው ሲቆም ፓይለቱ ይሳሳል፣ ምስሉም ይጠራል፤ ሲፈጥን ቶሎ ቶሎ ይላካል። በተራ በተራ በተለያዩት ሞገዶች ላይ ስለሚበተንም ሳይለካ የሚቀር የሞገዱ መንገድ የለም። ነርሷ የምታየው ሕመምተኛው አሁን ያለበትን ሁኔታ ሆነ፤ ሹፌሩም ወደ ኋላ መዞር ሳያስፈልገው ዓይኑን መንገዱ ላይ አደረገ።

ንድፉ ለማኅበሩ ስብሰባ ሲቀርብ ቢንያም የሚባል ሹፌር ተነሥቶ፣ “ምስሉ እንዲጠራ ብለን ያዘዝናት ልጅ እንዴት ለሊቀ መንበሩ እምቢ ትላለች?” ሲል ጠየቀ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቆመው መለሱ። “እምቢ ባትለኝ ኖሮ ሰው መኪና ውስጥ ራሱን ስቶ እኛ እዚህ የቆመ ፊት እያየን ደህና ነው እንል ነበር። ከእንግዲህ እኔ ስሳሳት እሺ የሚለኝ ሰው አልፈልግም።”

ብዕሩን አንሥተው በቅድሚያ ለሰዓዳ ሰጧት። ከስሟ በታች እሳቸው ፈረሙ።