የካፖርቱ ቀይ እራፊ

እንደምን ዋልክ ልጄ። አትነሳ፣ አትነሳ፣ ሥራህን ቀጥል። አፍህ በስፒል ተሞልቷል፤ እኔም መልስ አልፈልግም፤ ራስህን ከነቀነቅክልኝ ይበቃኛል። የመጣሁት ለዚህች ለኮቴ ቁልፍ ነው። ጠዋት ደረጃ ስወርድ ተበጥሳ ተንከባለለች። ጎንበስ ብዬ ሳነሳት ወገቤ... ተወው። የያዝከውን እስክትጨርስ እዚህች በርጩማ ላይ አረፍ ልበል። ሰማዩም እንደሆነ ይዝነብ አይዝነብ ገና አልቆረጠለትም።

እስከዚያው አንድ ነገር ላጫውትህ። ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ዕድሜ ነውና አንዳንዱን ነገር አዛንፌ ላወራ እችላለሁ። ማክሰኞ ያልኩህ ሐሙስ ሊሆን ይችላል፤ በግራ በኩል ያልኩህም በቀኝ። ከተሳሳትኩ የሚያርመኝ ሰው ካለ ያርመኝ። ግን እዚህ ማን አለ? አንተና እኔ ብቻ ነን፤ አይደለም?

እዚያ ልብስ መለኪያው መጋረጃ ሥር ጫማ ይታየኛል። ደንበኛ ረስቶት ሄዶ ይሆናል። ደህና ጫማ ነው፤ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ማሰሪያውም እኩል ነው የታሰረው። ባለቤቱ ጥንቁቅ ሰው መሆን አለበት። ሱሪውም ይኸው አንተ እጅ ላይ ነው። ሱሪውንና ጫማውን ጥሎ የሄደ ሰው፣ በምን ሁኔታ ቤቱ ገባ ይሆን? እኔን ምን አገባኝ።

ከኋላ ነው የተቀደደው? እስቲ አሳየኝ... አዎ። ይኼ የምስማር ሥራ ነው። የእኔም ሱሪ ልክ እዚሁ ላይ ተቀዶ ነበር፤ አንተው ነህ የጠገንክልኝ። ያ ከገበያው ጀርባ ያለው የድሮው ሲኒማ ቤት፣ የመጨረሻው ረድፍ ወንበሮቹ ምስማራቸው ብቅ ብቅ ብሏል። ሰው በጸጥታ ሹልክ ብዬ ልውጣ ሲል ሱሪውን ይይዙታል። ግን የዚህ ሱሪ ባለቤት ሲኒማ ቤት የሚሄድ አይመስለኝም። ሌላም ቦታ ምስማር አለ።

የቀዛፊዋን ፊልም አይተሃል? ነቀነቅክ፤ ጎሽ። መጽሐፎቹንስ? አላነበብክም። ግድ የለም፣ አንተ የጨርቅ ሰው ነህ። እኔ ግን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ወረቀት ቆራጭ ስለነበርኩ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ጠርዙ የተስተካከለው በእኔ ማሽን ነው። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ሆኖም ያቺን ሴትዮ እንደ እህቴ ነው የማውቃት። ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው የሟች ባሏን ጀልባ አውጥታ ሰው ማሻገር ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ፣ አብሬያት ስቀዝፍ ነው የኖርኩት። ፊልም ሊሠሩባት ነው ሲባል ፈራሁ። የምትወደው ሰው ለኦፕራሲዮን ገብቶ ደጅ ላይ እንደመጠበቅ ነው። ማን ይገባል? ማን ይወጣል? ምን ቆርጠው ይጥላሉ?

እየፈራሁም ገባሁ። ምን ልበልህ ልጄ... ጉሙን አመጡት። እኔ በልቤ ብቻ የማውቀውን ጉም፣ ከወንዙ ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ አየሁት። አህያው ጀልባ ላይ አልወጣም ብሎ አራት እግሩን ሲተክልና ነጋዴው ጆሮው ሥር ሲለምነው፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቀዛፊዋ አፏን ስትከፍት ደግሞ፣ እኔ ሳነብ የምሰማው ድምፅ ወጣ። ከየት አገኙት? እኔ ለማንም አልነገርኩም። አንድም ነገር ሳልቀየም ጨረስኩት። እንዲህ ያለ ደስታ በእኔ ዕድሜ ያስደነግጣል፤ ሰው ልቡን ይዞ ነው የሚወጣው።

ይኼን ያነሣሁልህ ግን አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። ስሙን አልጠራም። ስም መጥራት አልወድም፤ ሰው ማስቀየምም እፈራለሁ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አራሚ ነበር። አንድ ነጥብ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ምግብ የማይበላ ሰው ነው። እነዚያን መጽሐፎች ከማንም በፊት ያነበባቸው እሱ ነው፤ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ። ከማንም በላይ የሚወዳቸውም እሱ ነው፤ ይኼን የምለው ያለ ቧልት ነው። ታዲያ ፊልም ሊሠራ ነው ሲባል፣ ጡረተኞች በምንቀመጥባት አግዳሚ ላይ ተነሥቶ ቆመና፣ ዓይኔ ያን ፊልም አያይም ብሎ ማለ። ሁላችንም አደነቅነው። እውነት ለመናገር፣ የዚያን ዕለት ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ሰዎች መሰልን። እሱ ብቻ ነው ረጅም የመሰለው፤ መቆሙም ሳይረዳው አልቀረም።

ልጅ አለችው፤ አንድያ ልጅ። አንተም ታውቃታለህ፤ እዚችው ማሽን ላይ ክር ማስገባት ያስተማርካት አንተ ነህ። ቀስ በል፣ ስፒሉን እንዳትውጠው። ለፊልሙ ልብስ ሰፊ ሆና ተቀጠረች። ቀዛፊዋ የለበሰችውን ያን ግራጫ ካፖርት የሰፋችው እሷ ናት። ይኼን ልታበስረው እየሮጠች የመጣች ዕለት፣ ሌላ አባት ቢሆን ግንባሯን ስሞ ይመርቃት ነበር። እሱ ግን እንደ ማንም አባት ነው እንዴ? መርሕ ያለው ሰው ነው። «መጽሐፉን ገድላችሁ ስታበቁ፣ ለቅሶ ድረስ ብለሽ እንዳትጠሪኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ እሷ በሩን ስታንኳኳ፣ እሱ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። የእሱንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ እኔም በነፃ ዜና አዳምጣለሁ። እንዲህ ያለ ጽናት ዛሬ ከየት ይገኛል? እኔ ብሆን እኮ አንድ ጊዜ «አባዬ» ስትለኝ እከፍትላት ነበር። እኔ ደካማ ሰው ነኝ።

ምነው፣ መጋረጃው ተነቃነቀ? ነፋስ ይሆናል። ጫማውም ትንሽ ዞር አለ ልበል? አይ፣ የእኔ ዓይን ነው። ባዶ ጫማ እንዴት ይዞራል።

ምን እያልኩህ ነበር... አዎ፣ ሲኒማ ቤት። እኔ ግድግዳው ጋ ነበርኩ። በመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው ተቀምጧል። ያን የማውቀውን ሰው ቁርጥ ነው የሚመስለው። እሱ ነው አላልኩህም፤ እሱማ ምሏል። የሚመስለው ሰው። አህያው ሲመጣ ይኼ ሰው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ቀዛፊዋ ስትናገር ከንፈሩ አብሯት ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዴም ይቀድማታል። እሱ ቀድሞ የተናገረውን እሷ ስትደግመው ደግሞ፣ በትክክል መለሰች እንደሚል አስተማሪ አንገቱን ይነቀንቃል። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ... አዲስ ልብስ የተገዛለት ልጅ ፊት ነው። ይኼን ፊት ያ የማውቀው ሰው ላይ ለብዙ ዘመን አላየሁትም። ለዚህም ነው ሌላ ሰው ነው ያልኩት።

መጨረሻው አካባቢ፣ ቀዛፊዋ ከውሃ ያወጣችውን ሕፃን ልታሞቅ የካፖርቷን ቁልፍ ትፈታለች፤ ታስታውሳለህ? ያኔ ነው ውስጡ የሚታየው። በልቧ በኩል፣ ገበሩ ላይ የተሰፋ ቀይ እራፊ። ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ያ ሰው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ መሐረብ አወጣ። ጉንፋን ይዞት ይሆናል፤ ትከሻውን ሳይቀር የሚያንቀጠቅጥ ክፉ ጉንፋን። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ወጣ፤ እሱ ቆሞ ቀረ። አንድ ስም እስኪያልፍ ድረስ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ጠራጊዋ ሴትዮ ጫማውን እየዞረች ጠረገች። «ቶሎ ውጣ አትይውም?» ብላት፣ «እሱማ ቤተኛ ነው፤ ወንበሩንም አውቀንለታል» አለችኝ።

እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰው ከሰው ይመሳሰላል ብዬ።

ባለፈው ሳምንት ግን አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠን፣ መሐላውን ጠባቂው ወዳጄ እንደ ልማዱ ፊልሙን ያነሣል። ያልታረመ ስሕተት አይቶ ማለፍ እንደማይችል ታውቃለህ። «ጭራሽ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ቀይ እራፊ ካፖርቱ ውስጥ ሰፍተውበታል፤ ይኼ ማጭበርበር ነው» አለ። ሁሉም «እውነትህን ነው» አሉት። እኔ ግን የሲኒማ ቤቱ ማስታወቂያ በየግድግዳው ስለተለጠፈ አስታወስኩት፤ ቀዛፊዋ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነው የቆመችው። ያላየው ሰው የገበሩን ነገር እንዴት አወቀ? ልጠይቀው አልኩና ተውኩት። ምሁር ሰው ነው፤ በተቆለፈ ካፖርት ውስጥም ያያል።

በዚያ ላይ፣ ስሕተቱ የማን እንደሆነ እሱ ረስቶት ይሆናል እንጂ እኔ አልረሳሁትም። ልጅቱ ትንሽ ሳለች፣ እናቷ የሞተች ሰሞን፣ እራት እስኪደርስ ያነብላት ነበር። ግድግዳው ስስ ነው አልኩህ፤ እኔም ከወዲህ ጆሮዬን አስጠግቼ አብሬ እሰማለሁ። የልጅቱ የራሷ ካፖርት ገበሩ አልቆ፣ እናቷ በሕይወት ሳለች ከቀይ ሻርፗ ቆርጣ ጠግናላት ነበር። ልጅቱ እናቷ ከሞተች በኋላ ያን ካፖርት አላወልቅም አለች፤ ቤት ውስጥም፣ በሙቀትም። አባትየው ምን ያድርግ? አንድ ቀን ሲያነብላት ቀዛፊዋ ጋ ደረሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በካፖርቷ ውስጥ፣ በልቧ በኩል፣ ማንም የማያየው ቀይ እራፊ ነበረ» አለ። እኔ የራሴን መጽሐፍ አወጣሁና በጣቴ ፈለግሁ። የለም። ያ አራሚ በዕድሜው ሙሉ ከራሱ ቃል የጨመረው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። እንዴት ያለ ቆንጆ ስሕተት ነበር... ልጅቱ እንደ እውነት ይዛው አደገች። ካፖርቱን ስትሰፋም የአባቷን ቃል አክብራ አስገባችው። ማጭበርበር ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

ረቡዕ ዕለት መጣች። ሁለተኛውም መጽሐፍ ፊልም ሊሠራበት ነው። ሠራተኞቹ ነገ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ይነሣሉ፤ ቦታው ሩቅ ነው፤ መቼ እንደምትመለስ እሷም አታውቅም። መጀመሪያ የዚያኛውን በር አንኳኳች። ዜናው መጣ። የአየር ሁኔታው እስኪነገር ድረስ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ የእኔን በር አንኳኳች። ሻይ ቀዳሁላት፤ አልነካችውም።

«ጋሼ፣ አይቶት ይሆን?» አለችኝ።

እኔ ምን ልበል? በሰው ላይ ማሳበቅ አልወድም። «እሱን የሚመስል ሰው አይቻለሁ» አልኳት።

«ያ ሰውዬ ወደደው?»

«እሱማ ወዶታል።»

ሳቅ ስትል ዓይኗ ሞላ። «አባዬ ከዚያ ሰውዬ ጋር ቢተዋወቅ እንዴት ጥሩ ነበር» አለችኝና ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስም፣ መሳፈሪያው ጋ ከአውቶቡሱ ቀድማ እንደምትደርስ ነገረችኝ። ለምን ለእኔ እንደነገረችኝ እንጃ። እኔ ድምፄ ከፍ ያለ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል። ከረቡዕ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም፤ ዛሬ ዓርብ ነው። ይቺን እንኳ አላዛነፍኩም መሰለኝ። የሚያርመኝም አልመጣም።

ወይ ጉድ፣ ቁልፌን ረስቼ እኮ ነው የማወራው። ግድ የለም ልጄ፣ የእኔ ትቆይ፤ በአንድ ቁልፍ ማነስ አልበርድም። አንተ ያን ሱሪ ቶሎ ጨርስ። ደህና አድርገህ ስፋው፤ ባለቤቱ ለነገ ጠዋት ይፈልገው ይሆናል። አውቶቡስ ያለ ሱሪ አይሸኝም። ባይፈልገውም ደግሞ መብቱ ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ ጨለማ ነው፤ ማንም አያየውም።

እንግዲህ ልሂድ። ማንም ይሁን ማን፣ የዚህን ሱሪ ባለቤት አምላክ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ፊልም አጥግቦ ያሳየው። ወንበሩ ይመቸው፤ ምስማሩንም ያርቅለት። መብራት ሲበራ አጠገቡ ተቀምጦ እንባውን የሚያይበት ሰው አይኑር። የልጁም ስም ሁልጊዜ ከፊቱ ይለፍ፤ በትልቁ ተጽፎ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። እሷን ባያገኛት እንኳ፣ ስሟን አያሳጣው።