የማዳመጫው ግራ ጆሮ

«ጠጋ በይልን እስቲ እህቴ፣ ባልና ሚስት ነን» አለችኝ ሴትዮዋ፣ ላንድሮቨሩ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሊነሳ ሲል። ተጠጋሁላቸው።

«መጀመሪያ አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ነው የምገዛው» አላት ባሏ።

«አምፕሊፋየሩ ይቅደም። የቴፑ ድምፅ ደከመብኝ ስትል አልነበር?»

«የማዳመጫው ግራ ጆሮ ከሞተ ስንት ጊዜው! ሙዚቃ በግማሽ ይሰማል እንዴ?»

«ማታ ማታ ቴፑን ስትከፍት እኔ የማወራህ በዚያ በሞተው በኩል ነው። አዲስ ከገዛህ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከግድግዳው ጋር?»

«እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬሃለሁ እኮ፤ በቀኝ በኩል ተቀምጬ።»

ሳቀና፣ «በይ እሺ፣ አምፕሊፋየሩ ይቅደም» አላት።

«ግራውንስ ታሠራዋለህ?»

«አልነካውም አልኩሽ!»

መውረጃዬ ገና ነበር፤ ግን ወንበሩን ለሁለቱ ለመልቀቅ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ።