የአለቃ በቅሎ

ከአቃቂ ወደ ከተማ በሚሄደው ታክሲ ከኋላ ሦስት ሆነን ተጠጋግተናል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ታናግራለች።

“የአባቴን ተዝካር አውጥቼ መመለሴ ነው። በገጠር የአንዲት ደብር አለቃ ነበሩ።”

“ነፍሳቸውን ይማር። ታዲያ ምን ያንጨረጭርሻል፣ ልጄ?”

“የአገራችን ባላባት ነዋ! ሰው በልቶ ሲያበቃ ተነስቶ አባቴን አሞገሰ።”

“ማሞገሱ ምን ክፋት አለው?”

“‘በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ በእግራቸው እየዞሩ በሽተኛ ያቆረቡ አባት’ አለ። ሰው ሁሉ አለቀሰ።”

“ውሸት ነው እንዴ?”

“እውነት ነው እንጂ! እግራቸው ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ግን አባቴ በቅሎ ነበረቻቸው እኮ!”

“የት ሄደች?”

“እሱ ወሰዳት! ከመሬቱ ከፊሉን ለፋብሪካ ሸጦ ጭሰኞቹን ሲያባርር፣ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት ‘ይሄ ግፍ ነው’ አሉት። በማግስቱ ሎሌዎቹን ልኮ በቅሎዋን ከደጃችን አስፈታ።”

“በስመ አብ!”

“ገና ምኑን ሰሙና! ለተዝካሩም የመጣው እሷው ላይ ተቀምጦ ነው። አርጅታለች፣ ግን ወዲያው ለየኋት።”

“አንቺስ ዝም አልሽው?”

“ምን ልበል፣ አባባ? የቀሩት ዘመዶቼ እኮ እሱ መሬት ላይ ነው የሚያርሱት። ሊሄድ ሲል ‘ነይ፣ እርካቡን ያዢልኝ’ አለኝ።”

“እና?”

“ያዝኩለት!”

ታክሲው ቃሊቲን ሲያልፍ፣ የአለቃው የሚደማ እግር ታየኝና እኔ ጫማ ያጠለቀ እግሬን ቀስ ብዬ ወደ መቀመጫው ስር ሰበሰብኩ።