ድምፅ ዝቅ ሲል

ወደ ቡቲዬ በሚሄደው፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«እትዬ አስቴር፣ የሟች ባለቤትዎ ወንድሞች ሆቴሉን ሊወስዱብዎ መጡ አሉ።»

«መጥተው ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ባለቤቴ የድሮ የአሜሪካ ማፊያ ፊልም ይወድ አልነበር? ጥቁርና ነጩን። አብሬው ስንቱን አየሁ።»

«እና?»

«እዚያ ባለባርኔጣው አለቃ አይጮህም። ሌላው ሲንጫጫ ዝም ብሎ ያየዋል። እኔም ጮኸው እስኪደክማቸው አየኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ብዬ፣ ‹ሆቴሉ የእኔ ነው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ሂዱ› አልኳቸው።»

«ሄዱ?»

«ሻዩንም ሳይጠጡ። እኔ ጠጣሁላቸው፤ አንዱን ፊልም ከፍቼ፣ እግሬን ዘርግቼ።»

ከኋላቸው ሆኜ ስሰማ የነበርኩት እኔ፣ ሳላስበው ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።