ቡሬ ውሃ እምቢ ያለችበት ክረምት

በእኛ ጊዜ እዚህ ቡልቡላ ጤፍና ምስር ነበር የሚበቅለው፣ ፎቁ ገና አልመጣም። ዓመቱ ሰማንያ ስምንት፣ ወሩ ሐምሌ። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ማታም አይተውም። ወሬ ማብዛት አልወድም፤ አንተ ስለጠየቅከኝ ነው።

ታዲያ ቤታችን መብራት ነበረው፣ ጓሮ ያለው በረት ግን የለውም። እናትህ አልማዝ በኩራዝ ነበር የምታልበው። አንድ ቀን ቡሬ፣ ያቺ ዥጉርጉር ላማችን፣ ኩራዙን በጭራዋ መታችውና ጭዱ ከመያያዝ ለጥቂት ተረፈ። እና እናትህ ማለቢያዋን ቁጭ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ወይ መብራት ያስገቡልኝ፣ ወይ ራስዎ ይለቧት!» አለችኝ።

እኔ ላም አልባለሁ እንዴ? ምን ያስቅሃል? የመብራት ገመድ ገዛሁ። አንዱን ጫፍ በስፒና ቤት ውስጥ ሰክቼ ወደ ጓሮ አወጣሁና በባሕር ዛፍ ምሰሶ አሻግሬ፣ የበረቱን ቆርቆሮ በስቼ አስገባሁት። አምፖሉ በራ። አያትህ በለጡ እልል አለች። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሰይድ፣ የወሎ ሰው ነው፣ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ጋሼ፣ ላሟ እኮ ከእኛ ቀድማ ከተሜ ሆነች!» አለ።

ታዲያ ብዙም ሳይቆይ ቡሬ ውሃ እምቢ አለች። ገንዳዋ ግማሽ በርሜል ነው፣ እንዳትደፋው ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር በሽቦ አስሬዋለሁ። አፍንጫዋን ወደ ውሃው ትሰዳለች፣ ብርግግ ብላ ወደ ኋላ ትላለች። እንደገና ትመጣለች፣ እንደገና ብርግግ። እና ወተቷ እየነጠፈ መጣ። ወተቱ ደግሞ የማን ነው? ያንተ ነው! ጡት ጥለሃል፣ ሌላ ምግብ ቢሰጡህ ትተፋለህ።

«ዓይን በልቷታል፣ ሳትሞት ይሽጧት፤ በዋጋዋ ሌላ ላም እንገዛለን» አለች በለጡ።

«ቅዳሜ ነጋዴው ይምጣ» አልኩ።

ሰይድ ግን፣ «መብራቱን ፈርታ ነው ጋሼ። ወይም ኮርታለች፣ ከዚህ ወዲያ በብርጭቆ ካልሆነ አትጠጣም!» አለ።

 እኔ ቡሬን ነበር የማየው። ደጅ አውጥቼ ውሃ በባልዲ አቀረብኩላት፤ ጭልጥ አደረገችው። ታዲያ አልታመመችም ማለት ነው። በረት አስገብቼ ገንዳው ላይ ውሃ ገለበጥኩ፤ ብርግግ! ቤት ሄጄ ስፒናውን ነቀልኩና ተመለስኩ፤ ጠጣች። ሰካሁት፤ እምቢ።

«አላልኩም? መብራቱ ነው!» አለ ሰይድ።

ሊሆን ይችላል። ግን ነገሩ አላስቻለኝም። ስፒናውን ነቅዬ አምፖሉን ፈታሁ፣ ከዚያ ስፒናውን መልሼ ሰካሁ። እንግዲህ ቀትር ነው፣ የሚበራ ነገር የለም። ታዲያ አሁን ምን ትፈራለች? ቡሬ አፍንጫዋን ሰደደች፤ ብርግግ አለች።

 እኔ ከገንዳው ወደ ሽቦው፣ ከሽቦው ወደ ቆርቆሮው፣ ከቆርቆሮው ወደ ገመዱ አየሁ። በዚህ መሀል በለጡ፣ «እስቲ ውሃው ምን ሆኖ ነው» ብላ፣ በባዶ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች፣ እጇን ወደ ገንዳው ሰደደች።

«እንዳትነኪ!»

እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሮጬ ስፒናውን ነቀልኩ። ወጥቼ ሳይ፣ ንፋሱ ገመዱን ሲወዘውዘው ቆርቆሮው ሞርዶ ሞርዶ ልባሱን በልቶታል፣ የገመዱ የውስጥ ሽቦ አፍጥጧል። ኮረንቲው በቆርቆሮው አድርጎ ገንዳው ድረስ ወርዷል። እኔና እናትህ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ስለምናደርግ አልተሰማንም። ቡሬ ግን ምን ጫማ አላት?

ቅዳሜ ነጋዴው መጣ። «የታለች ላሟ?» አለ። «የሚሸጥ ላም የለም» አልኩት። ክረምቱ እስኪወጣ እናትህ በእጅ ባትሪ አለበች። መስከረም ላይ ቦይ ቆፈርኩ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ፣ እና አዲስ ገመድ በቱቦ ውስጥ ተቀበረ። ሠራተኛው በቴስተሩ ቆርቆሮውንም ገንዳውንም ነካካና፣ «ምንም የለበትም፣ ይግቡ» አለ።

«ቆይ» አልኩት። ቡሬን ፈትቼ አመጣኋት።

«አባባ፣ ቴስተሬን አላመኑትም እንዴ?»

«አምኜዋለሁ።»

እናትህ አንተን አዝላ፣ ማለቢያዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አላስገባኋትም። ቡሬ አሸተተች፣ ጎንበስ አለች፣ እስክትጠግብ ጠጣች። ያኔ ነው እናትህን «አሁን ግቢ» ያልኳት።